ሰባት ኪሎና የጋሽ ታደሰ ጋቢ

ሰው ለእረፍት ሲሄድ የመዋኛ ልብስና የፀሐይ ቅባት ይይዛል። እኔ መርዶ ይዤ ሄድኩ። ያውም ጃፓን፣ ያውም አንዲት ትንሽ ደሴት፣ ያውም በርካሽ አውሮፕላን። ይህን ሳወራ የሚስቅ ሰው አለ፤ ይሳቅ፣ አልቀየምም። እኔም ብሆን የትኛው ላይ መሳቅ፣ የትኛው ላይ ማልቀስ እንዳለብኝ እስካሁን ለይቼ አልጨረስኩም። ካነሳሁት አይቀር ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

እኔና ሙሉ፣ ሚስቴ፣ በሃያ አምስት ዓመት ትዳራችን ለእረፍት አብረን የወጣነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ብራይተን ነበር፤ ባሕሩን ሳናየው ዝናቡ አባረረን። የምንኖረው አርችዌይ ነው። እኔ ሆስፒታል ውስጥ ፖርተር ነኝ፤ በሽተኛ በአልጋ እየገፋሁ ከክፍል ክፍል አመላልሳለሁ። ሙሉ ደግሞ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች። ክላፋም የምትኖረው ልጃችን ሜሮን ታዲያ ሃያ አምስተኛ ዓመታችንን አስባ የጃፓን ቲኬት ቆረጠችልን። ጥቂት ቀን ቶኪዮ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ደሴት። ደሴቷን የመረጠቻት ደግሞ በቢኒያም ምክንያት ነው። ቢኒያም እዚህ ለንደን ተወልዶ ከእሷ ጋር በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን የሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ አሁን እዚያ ደሴት ላይ ለጃፓን ተማሪዎች እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ የባሕሩንም ፎቶ በየጊዜው ይልክላታል።

«ዳዲ፣ ሁሉንም ቡክ አድርጌያለሁ» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ። ከቶኪዮ ወደ ደሴቷ የምትሄዱበት በጀት ኤርላይን ነው። ለአንድ ሰው ሰባት ኪሎ ብቻ። ሰቨን! ሁሉም ተደምሮ። ፕሊስ፣ የሰው ዕቃ እንዳትቀበሉ።»

«ምን ዕቃ? ጃፓን ከቢኒያም ሌላ ማን አለና?» አልኳት። በሙሉ ልብ ነው የተናገርኩት።

ልንሄድ አንድ ወር ሲቀረን የቢኒያም አባት፣ ጋሽ ታደሰ፣ እህታቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ እንደሄዱ በተኙበት አረፉ። በማግስቱም እዚያው ተቀበሩ። ጋሽ ታደሰ ብዙ ዓመት የለንደንን ቀይ አውቶቡስ የነዱ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ተሳፋሪ ሆነው ሹፌር ማረም ያልተዉ ሰው ነበሩ። ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው «ፍሬኑን ቀስ በል፣ ልጄ» ይላሉ፣ በአማርኛ። ሹፌሩ ጃማይካዊም ይሁን ፖላንዳዊ፣ ይገርማችኋል፣ ቀስ ይል ነበር።

ለሚስታቸው ለእትዬ አስካለ መርዶውን ያረዳነው እኛው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይህን ለአገሬ ሰው አላስረዳም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ በር አንኳኩቶ ነው። ችግሩ እትዬ አስካለ የሚኖሩት ብሪክስተን፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ባለ የካውንስል ፍላት ነው፤ ሊፍቱም ከአራት ሰው በላይ አይጭንም። እኛ ዘጠኝ ነበርን። ስለዚህ መርዶው በሦስት ዙር ወጣ። የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ቆመው የቀሩትን ሲጠብቁ፣ እትዬ አስካለ ቆሻሻ ሊጥሉ በሩን ከፈቱት።

«ምነው በደህና?» አሉ።

ከአራቱ አንድም ተናጋሪ አልነበረም። ተናጋሪው ፓስተራችን ገና ምድር ቤት ቆመው ሊፍት ይጠብቃሉ። አራቱም «ደህና፣ ደህና፣ እንዲያው ልንጠይቅዎት ነው» እያሉ፣ በዚያ የማለዳ ብርድ እያላባቸው፣ ሊፍቱ ሁለቴ እስኪመላለስ ድረስ ቆሙ። ከአራቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። እትዬ አስካለ ዛሬም ድረስ «እኔ ያወቅኩት የዚህን ሰው ፊት አይቼ ነው» ይላሉ። ፊቴ ምስጢር አይዝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ይህን ፊት ነው ለጃፓን የመረጡት።

ለቅሶው ረገብ ሲል እኔንና ሙሉን መኝታ ቤታቸው አስገብተው በሩን ዘጉ። ለቢኒያም አልተነገረም። እሳቸው ልባቸው ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ረጅም በረራ ከልክሏቸዋል። ልጁ በደወለ ቁጥር «አባትህ ገጠር ወርዷል፣ ኔትወርክ የለም» ይሉታል።

«መጀመሪያ መጀመሪያ አስጨነቀኝ፤ አባዬስ፣ አባዬስ ይል ነበር» አሉን። «አሁን እግዚአብሔር ይመስገን፣ መጠየቁን ትቷል። እኔም በላህ ወይ ብዬ፣ በላሁ ሲለኝ ቶሎ እዘጋለሁ።»

«ታዲያ እትዬ፣ እኛ ምን እናድርግልዎት?» አለች ሙሉ፣ እያወቀችው።

«ንገሩልኝ። በስልክ ብነግረው በዚያ ባዶ ቤት ስልኩን ዘግቶ ብቻውን ይቀመጣል። እኔን ዘጠኝ ሰው ነው የያዘኝ። ልጄን ማን ይይዘዋል?» ከዚያ እኔን አዩኝ። «ብቻውን እንዳያለቅስብኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ከቁም ሳጥናቸው የጋሽ ታደሰን ጋቢ አውጥተው ሰጡን። ይህን ጋቢ ብሪክስተን የማያውቀው ሐበሻ የለም። ጋሽ ታደሰ ከሥራ እንደገቡ ከዩኒፎርማቸው በላይ ጣል አድርገውት ዜና የሚያዩበት፣ በረንዳቸው ላይ ቆመው ሰላምታ የሚሰጡበት ጋቢ ነው። አንዱን ጥግ ሂተር አቃጥሎት፣ እትዬ አስካለ ከአሮጌ የአውቶቡስ ሹፌር ሸሚዛቸው ሰማያዊ ቁራጭ ቆርጠው ጥፈውታል። «ነግራችሁት ሲረጋጋ አልብሱት» አሉን። ቅደም ተከተሉ ይታወስልኝ። መጀመሪያ መንገር፣ ቀጥሎ ማረጋጋት፣ በመጨረሻ ጋቢ።

ሜሮን ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ዳዲ፣ ቢኒ ጓደኛዬ ነው! አባቱ ሞቶ ፎቶ ሲልክልኝ ናይስ ብዬ እመልሳለሁ? ኢትስ ኖት ፌር። መብቱ ነው እኮ!» አለች። እኔም «መብት ብቻውን ሰው አያቅፍም» አልኳት። ከዚህ በላይ ማስረጃ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ግማሽ ልቤ ከእሷ ጋር ነበር፣ ግን ለእትዬ አስካለ ቃል ሰጥተናል። እሷም ላትነግረው እያለቀሰች ማለች።

ልምምድ ጀመርኩ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ባዶ አልጋ እየገፋሁ «ቢኒያም ልጄ፣ እንግዲህ ሰው ሟች ነው» እላለሁ። አንድ ቀን አልጋው ባዶ አለመሆኑን ረሳሁት። የተኙት ደግ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ስለነበሩ ጸሎት መሰላቸውና አመሰገኑኝ፤ ኤክስሬይ ክፍል እስክንደርስም እንድቀጥል ጠየቁኝ። ቀጠልኩላቸው። ቤት ስገባ ደግሞ ሙሉ ሶፋው ላይ ቢኒያምን ሆና ትቀመጥልኛለች።

«ቢኒያም ልጄ፣ እንግዲህ ሰው ሟች ነው...»

«ገደልከው!» ትለኛለች። «ሰው ሟች ነው ብለህ ከጀመርክማ ምን ቀረህ? ቀስ በል እንጂ። መጀመሪያ ስለ ጤናው ጠይቀው።»

«ቢኒያም፣ ጤናህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ።»

«ጎበዝ። እንግዲህ ሰው...»

እንዲህ ስንል ሁለት ሳምንት አለፈ። ፓስተሩን ባማክራቸው «ቃል አታብዛ፣ በማለዳ ንገረው፣ ከዚያ እቀፈው» አሉኝ። በዚያው ዕቅዱን ያዝን። በደረስንበት ቀን ምንም አንናገርም፤ ደስተኛ እረፍተኛ መስለን እንውላለን፤ በማግስቱ ማለዳ ቤቱ ሄደን እናንኳኳለን። ሁለት ሰው ለመርዶ ያንሳል፤ ግን ሊፍት የለውም ተብለናልና አንድ ላይ እንደርሳለን ብዬ ተጽናናሁ።

ያላሰብነው ነገር ምግቡን ነው። ለቅሶ ቤት ምግብ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛ እሳት አያነድም። ቢኒያም ቤት ታዲያ ማን ይዞ ይሂድ? እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ እናቶች አንድ በአንድ ፌስታላቸውን ይዘው ከበቡን። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ። አንዷ ድፎ ዳቦ ጋግራ ሳትቆርሰው አመጣች፣ ትኩሱን። ቋንጣ የያዙም ነበሩ፤ ሥጋ ጃፓን አይገባም ብላ ሜሮን አስመለሰችው። ሁሉም «ትንሽ ናት፣ አትከብድም» ይላሉ። እያንዳንዷ እውነት ነው ትንሽ ናት። አይሆንም ማለት ግን አልቻልንም፤ የእረፍት ዕቃ ቢሆን እንል ነበር፣ የሐዘን ምግብ ግን እንዴት ተብሎ ይመለሳል?

እስከ ቶኪዮ ያለው ትልቁ አውሮፕላን ሁሉንም ችሎ ወሰደልን። ቶኪዮ ስለነበርንባቸው ቀናት ብዙ የምነግራችሁ የለም፤ ሙሉ ከተማውን ስታይ እኔ ስለማመድ ነበር። ትልቁን ሻንጣ ከአብዛኛው ልብሳችን ጋር ሆቴል አደራ ትተን፣ ምግቡን፣ ጋቢውንና ጥቂት ቅያሪ ልብስ በሁለት የእጅ ሻንጣ ጠቅጥቀን ወደ ኤርፖርት ሄድን። ርካሽ አውሮፕላኖቹ የሚነሱበት ተርሚናል ከሁሉም ራቅ ይላል። እዚያ የሚወስደው መንገድ ወለል እንደ ሩጫ ሜዳ መስመር ተሰምሮበታል። ሙሉ አይታ «ከየት እንደመጣን ሰምተዋል» አለች። እኔ አርችዌይ ላይ አርባ ሦስት ቁጥር አውቶቡስ ሮጬ ይዤ አላውቅም።

ቼክ ኢን ላይ አንዲት ትሁት ወጣት ሻንጣዬን ሚዛን ላይ አስቀመጠችና አጎንብሳ እጅ ነሳችኝ። እኔም አጎንብሼ እጅ ነሳኋት። ዘጠኝ ኪሎ ተኩል። የሙሉ ደግሞ ዘጠኝ። ልጅቷ በጣም እንደምታዝን ነግራን እንደገና አጎነበሰች፤ ተጨማሪ ከፍለን ሻንጣውን ማስጫን እንደምንችልም አስረዳችን። ካርዴን ሳወጣ ሙሉ እጄን ያዘችው።

«ለእረፍት ዕቃ ቢሆን እከፍላለሁ» አለች። «ለሐዘን ምግብ ግን ቀረጥ አልከፍልም። የሚለበሰውን ልበስ!»

የለበሱትን አይመዝኑም፤ ይህን ሜሮን ነግራን ነበር። ወለሉ ላይ ሻንጣውን ከፈትነው። ከሱሪዬ ላይ ሱሪ ደረብኩ። የጃኬቴ ኪሶች በቆሎ ሞሉ፣ የውስጥ ኪሴ በርበሬ ያዘ። ሙሉ ሁለት ሹራብ ደርባ ሽሮውን እንደ ሕፃን በነጠላ ጀርባዋ ላይ አዘለችው። እንደገና ተመዘነ፤ ልጅቷ አጎነበሰች፣ እኔም አጎነበስኩ፤ ሳጎነብስ ከደረት ኪሴ ቆሎ ፈሰሰ። እሷም ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ለቅማ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። አሁንም አንድ ኪሎ ይተርፋል። የቀረው ጋቢው ብቻ ነበር።

«እሱ ይቅር፣ ሙሉ» አልኳት። «የሟች ነው።»

«የሚቀዘቅዝ አውሮፕላን ውስጥ ሰው ጋቢ ለበሰ ተብሎ ማን ይታዘብሃል? ከመውረድህ በፊት አውልቀህ ታጥፈዋለህ» አለችኝ፤ በትከሻዬም ጣል አደረገችው። ሚዛኑ ሰባት ላይ ቆመ። በሰኔ ሙቀት፣ በሁለት ሱሪ፣ በጋሽ ታደሰ ጋቢ ተጀቡኜ ተሳፈርኩ። ብለብሰውም ቆሻሻ አላስነካውም ብዬ ጫፉን ሰብስቤ ይዤ ነበር። እፍረት ተሰምቶኛል፣ አልደብቅም፤ ከጋሽ ታደሰ በሕይወት ሳሉ እንኳ ልብስ ተውሼ አላውቅም።

አብሮ ለመቀመጥ ለብቻው ይከፈላልና ሙሉ ከፊት፣ እኔ መጨረሻው ረድፍ ላይ ደረሰን። አጠገቤ አንዲት ደቃቃ ጃፓናዊት አሮጊት ነበሩ። ከላይ የሚነፍሰው ብርድ አንቀጠቀጣቸው። ምን ላድርግ? የእኛ ሰው ነኝ፤ የጋቢውን ግማሽ አለበስኳቸው። ተደናገጡ፣ በእጃቸው ዳሰስ አደረጉት፣ አጎነበሱ፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሦስት ሰዓት ያህል እኔና እሳቸው በአንድ ጋቢ ሥር ተጓዝን። እኔ በልቤ «ቢኒያም፣ ጤናህ እንዴት ነው» እያልኩ ስለማመድ አውሮፕላኑ አረፈ። አሮጊቷን ቀስቅሼ፣ ሻንጣቸውን አውርጄ፣ እጃቸውን ይዤ ደረጃውን አወረድኳቸው። የመጨረሻዎቹ ወራጆች እኛ ነበርን። የለበስኩትን ሙሉ በሙሉ ረስቼዋለሁ። ሰው ሲሞቀው አያስታውስም።

የደሴቷ ኤርፖርት ትንሽ ነው፤ ዞር ብለህ የምታወልቅበት ኮሪደር የለውም። የመስታወቱ በር ሲከፈት ሙሉን አየኋት። ቀድማ ወጥታ፣ ሽሮውን እንዳዘለች፣ ቢኒያምን አቅፋ እየሳቀች ነው፣ እንደ ዕቅዳችን። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ሙሉ በትከሻው ላይ አሻግራ አየችኝና ዓይኗ ፈጠጠ። በእጇ ትከሻዋን እየመታች የሆነ ምልክት ሰጠችኝ። ሰላምታ መሰለኝ። እኔም ደስተኛ እረፍተኛ ልምሰል ብዬ እጄን ከፍ አድርጌ፣ ጥርሴን ሁሉ አሳይቼ አውለበለብኩ።

ቢኒያም ዞረ።

ቁመቴ ከጋሽ ታደሰ ጋር አንድ ነው፤ መላጣችንም እንደዚያው። ልጁ ለአፍታ ምን እንዳየ ማሰብ እስካሁን ያመኛል። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ። ወደ እኔ መጣ፣ አልሮጠም። ፊቴን አላየም። የጋቢውን ጥግ ፈልጎ ያንን ሰማያዊ ቁራጭ በሁለት ጣቱ ያዘው።

ያን ሁሉ ሳምንት የተለማመድኩት ቃል አንዱም አልመጣልኝም። አፌን ከፍቼ «ቢኒያም፣ ጤናህ...» አልኩና ቀረሁ።

«የአባዬ ነው» አለ። ከዚያ ራሱን ደረቴ ላይ ጥሎ ጮኸ።

አቀፍኩት። ጋቢው ሁለታችንንም ሸፈነን። ሙሉ «ወይኔ ጋሽ ታደሰ! ወይኔ የእኔ ደግ!» ብላ ከኋላ መጥታ እሱንም እኔንም ያዘችን፣ ሽሮውም አብሮን ነበር። የውስጥ ኪሴ ውስጥ የበርበሬው ፌስታል ፈነዳ። ስለዚህ ማን ከሐዘን ማን ከበርበሬ እንዳለቀሰ እግዚአብሔር ይወቀው፤ እኔ ግን ከሁለቱም ነው። ቀና ስል ሰው ከቦናል። የታክሲ ሹፌሮች ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። የአውሮፕላኗ አሮጊት ቀስ ብለው መጡ፤ ምንም አልጠየቁም፤ የጋቢውን ጫፍ ከወለሉ አንስተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ቆጠርኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከዘጠኝ በላይ ነበርን።

የቢኒያም ቤት አንዲት ክፍል ናት፣ ወለሏ በሰሌን የተነጠፈ፣ ጫማ በር ላይ የሚወልቅበት፣ መሬት ላይ የሚቀመጡበት። ሙሉ ገብታ ዙሪያውን አየችና «ቤቱ ለለቅሶ ተነጥፎ ነው የጠበቀን» አለች። ተቀመጥን። ልጁ ጋቢውን ለብሶ ግድግዳውን ተደገፈ። እኔ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ሰባቱ ኪሎ፣ በማለዳ ልንነግረው ስለነበረው።

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ» አለኝ።

«ምኑን?»

«በሦስተኛው ቀን። አዲስ አበባ ያለው ከዝኔ፣ የአክስቴ ልጅ፣ የአባዬን ፎቶ ፖስት አድርጎ አየሁት፣ ከሻማ ጋር። ከዚያ ወዲያው ዲሊት አደረገው።»

ሙሉ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ታዲያ ልጄ፣ ለእናትህ ለምን አልነገርካትም?»

«ምን ልበላት? እሷ ስትደውል ቮይሷን ደስተኛ ልታደርግ እንዴት እንደምትታገል ብትሰሚ። ማወቄን ብነግራት ብቻዬን መሆኔን እያሰበች ትሞታለች። ስለዚህ ስለ አባዬ መጠየቅ አቆምኩ። በላህ ትለኛለች፣ በላሁ እላታለሁ። አልበላም ነበር።» ጋቢውን ወደ ራሱ ሳበው። «ማልቀስ ደግሞ ትራይ አደረግኩ፣ ጋሼ። ሪሊ። በሩን ዘግቼ ቁጭ እላለሁ፣ አይመጣም። ማንም ሰው መጥቶ አልነገረኝማ። ሜሮን ትመጣላችሁ ስትለኝ ቀን መቁጠር ጀመርኩ።»

እኔ ስለ እሱ ስለማመድ እሱ እኛን ሲጠብቅ ነበር። እናት ልጇን፣ ልጅ እናቱን ሲጠብቁ፣ ሁለቱም በስልክ ሳያለቅሱ ከወር በላይ አለፋቸው። ሜሮን ትክክል ነበረች እንዳልል ልጁ ራሱ ሰው ነው የጠበቀው፤ እኛ ትክክል ነበርን እንዳልል ደግሞ አውቆት ነበር። ዛሬም ከእሷ ጋር በዚህ እንከራከራለን።

የቀሩት ቀናት እንዲህ አለፉ። ባሕሩን በመስኮት አየነው፤ እውነትም ሰማያዊ ነው። የሙሉ የመዋኛ ልብስ ከነመለያው ተመለሰ። የቢኒያም ትምህርት ቤት መምህራን በር ላይ ጫማቸውን እያወለቁ፣ ሩዝና ዓሣ እየያዙ መጡ። ሙሉ ቆሎ ዘገነችላቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አንድ ሽበታም መምህር ድርቆሽ ፍርፍሩን ሁለቴ አስጨምረው በርበሬው እያስነባቸው በሉ። ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም ሳይናገር መቀመጥ እንደሚችሉ ሳይ፣ ለቅሶ መድረስ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው አልኩ። ስንመለስ ሻንጣዬ አራት ኪሎ መዘነ። አውሮፕላኑ ውስጥ በረደኝ።

የስልኩን ነገር ዘልዬዋለሁ፤ ሆን ብዬ ነው።

በደረስንበት ከሰዓት በኋላ ደወልን። ለንደን ገና ማለዳ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ሜሮን ናት፤ ከክላፋም በመጀመሪያው አውቶቡስ ብሪክስተን ደርሳ፣ ደወላችንን ስትጠብቅ ነበር፤ ማንም አላዘዛትም። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ለእትዬ አስካለ አቀረበችላቸው።

«ነገራችሁት?» አሉ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «እኔ አልነገርኩትም፣ እትዬ። አንድ ቃል አልወጣኝም። ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ነገሩት» አልኳቸው።

«አለቀሰ?»

«አለቀሰ።»

«ብቻውን?»

«ኤርፖርቱ በሙሉ አብሮት ነበር፣ እትዬ።»

«ስጠው» አሉኝ።

ቢኒያም ስልኩን ተቀበለ። እትዬ አስካለ ያቺኑ የሚያውቋትን ጥያቄ ጠየቁ።

«በላህ?»

ሙሉ ዳቦ ቆሎውን ከፊቱ አኑራለት ነበርና አፉ ሙሉ ነው። መልስ ሊሰጥ ሲሞክር አልቻለም፤ ሲቆረጥመው ግን ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ብሪክስተን ስምንተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ አለቀሱ። ከዚህ ጫፍ እጄን ልዘረጋላቸው ምንም አልቀረኝም፤ ተነስቼ ቆሜያለሁ፣ የት እንደምሄድ እንጃ።

«ዳዲ» አለች ሜሮን። «ይዤያቸዋለሁ።»